ስም ጥሪው የቀረበት አልበም

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናቀርበው የራሳችንን ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የሽማግሌዎችን ተረትና ምሳሌ፣ የቄሶችን ዜማ፣ የማሲንቆና የክራር ጨዋታ፣ አልፎ አልፎም ወጣቶቻችን ዕብራይስጥና አማርኛ ቀላቅለው የሚያወጡትን አዳዲስ ዘፈን። ዛሬ ግን ከኒውዚላንድ ተነሥቶ በኒውዮርክ በኩል የመጣ የዘፈን አልበም ይዘን ቀርበናል። «ይህ ደግሞ ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አንጠራጠርም። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በማኅበራችን አዳራሽ ነው። አንድ ምሽት ወጣቶቹ በአንድ ጥግ ዲስክ ከፍተው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ በሌላው ጥግ እናቶች ቡና ያፈላሉ። ሳቁ ሲበዛ አንዲት እናት «ሰውዬው ምን እያለ ነው?» ብለው ልጃቸውን ጠየቁት። ልጁ ለመተርጎም ሞከረ። ከእንግሊዝኛው ወደ ዕብራይስጥ፣ ከዕብራይስጡ ወደ አማርኛ እያለ ሁለት ዐረፍተ ነገር ያህል ሄደና ቆመ። «እማዬ፣ ተተርጉሞ አያስቅም» አላቸው። እሳቸውም «ተተርጉሞ የማያስቅ ከሆነ መጀመሪያውኑ ምኑ አሳቀህ?» አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ነው።

አልበሙ «ፍላይት ኦፍ ዘ ኮንኮርድስ» ይባላል። ይኸው ስም የአልበሙም፣ የዘፋኞቹም፣ የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማም መጠሪያ ነው። ብሬት ማኬንዚና ጀሜይን ክሌመንት የተባሉት ሁለት ኒውዚላንዳውያን በዌሊንግተን ከተማ በቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ተዋወቁ፤ በ1998 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጊታር ይዘው ቀልድ እየዘፈኑ መድረክ ላይ መውጣት ጀመሩ። ራሳቸውን ያስተዋውቁ የነበረው በአገራቸው ካሉት መሰሎቻቸው መካከል በተወዳጅነት አራተኛ ነን እያሉ ነው። አንደኛ ነኝ የማይል ዘፋኝ እኛ ከዚህ በፊት አላጋጠመንም። በ2005 የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. የሬዲዮ ተከታታይ ዝግጅት ሰጣቸው። ከ2007 እስከ 2009 ድረስ ደግሞ ከእንግሊዛዊው ከጄምስ ቦቢን ጋር ሆነው የፈጠሩትን አስቂኝ ድራማ የአሜሪካው ኤች.ቢ.ኦ. በሁለት ዙር፣ በ22 ክፍሎች አቀረበው። የመጀመሪያው ዙር ዘፈኖች ተሰብስበው በኤፕሪል 2008 በሲያትሉ «ሰብ ፖፕ» ኩባንያ አማካይነት በአልበም ወጡ፤ በቁጥር 15 ናቸው። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ ላይ በወጣበት ሳምንት ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ለቀልድ ዘፈን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ2007 ያወጡት አጭር ዲስክም በ2008 የግራሚ ሽልማት ላይ በቀልድ አልበም ዘርፍ አሸንፏል።

የድራማው ታሪክ እንዲህ ነው። ሁለት ወጣቶች ዘፋኝ እንሆናለን ብለው ከሩቅ ደሴት ወደ ኒውዮርክ ይመጣሉ። ሥራ የላቸውም፣ ገንዘብ የላቸውም፣ በከተማው ውስጥ የሚያውቃቸው የለም። አድናቂያቸው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም ባል ያላት ናት። የሥራ ጉዳያቸውን የሚመራላቸው መሪ የተባለ የአገራቸው ሰው ነው፤ በኒውዚላንድ ቆንስላ የባህል ጉዳይ ምክትል ኃላፊ ሲሆን የሚጫወተው ሪስ ዳርቢ ነው። ይህ ሰው በቆንስላው ቢሮ ውስጥ ስብሰባ ይጠራል። ተሰብሳቢዎቹ እርሱን ጨምሮ ሦስት ናቸው። ሦስቱም ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠው ሳለ ግን ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ስም ጥሪ ያደርጋል። ብሬት ይላል፣ ጀሜይን ይላል፣ ቀጥሎም የራሱን ስም ጠርቶ ለራሱ አቤት ይላል፤ መገኘቱንም በመዝገብ ላይ ያሰፍራል።

እዚህ ላይ የሳቅነውን ያህል ከዚያ ወዲህ አልሳቅንም ብንል ማጋነን አይሆንም። በቀበሌ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ፣ በመርካዝ ክሊታ ወረፋ የያዘ፣ በማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል ወይ?» እየተባለ አንድ ሰዓት ሙሉ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል። (የዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍልም አራት ሆኖ ሲሰበሰብ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ስለዚህ ስቀን ስናበቃ ትንሽ አፍረናል።) መሪ ክፉ ሰው አይደለም። የአገሩን ልጆች ይወዳቸዋል፣ የሚቻለውን ሁሉ ያደርግላቸዋል፣ የሚቻለው ግን ምንም ነው። በሰው አገር የአገራችሁ ተወካይ ተብሎ የተቀመጠ፣ ደግ፣ ሥራውን የሚያከብር፣ ከስም ጥሪ በቀር የሚያውቀው የሌለ ሰው።

አንድ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ስደት ከባድ ስደት አይደለም። ቋንቋውን ይችላሉ፤ ከፈለጉ ነገ አውሮፕላን ተሳፍረው ይመለሳሉ። በ1984 በሱዳን በረሃ በእግሩ ሄዶ ወንድሙን በመንገድ የቀበረ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር ራሱን አስተካክሎ ሊያይ አይችልም፤ እንዲያይም አንጠይቀውም። ደራሲዎቹም ይህን የሚያውቁ ይመስለናል። በአንደኛው ክፍል አንድ ፍራፍሬ ሻጭ ኒውዚላንዳውያን በመሆናቸው ብቻ ፍራፍሬ አልሸጥላችሁም ይላቸዋል። እነርሱም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናቅን ብለው ይደነግጣሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይዝታሉ። በመጨረሻ ሲጣራ ሰውየው ከአውስትራሊያውያን ጋር አምታቷቸው ኖሯል። ቀልዱ ሁለት ስለት አለው፤ በአንድ ወገን ዘረኝነት ምን ያህል ጅል እንደሆነ ያሳያል፤ በሌላ ወገን ደግሞ ተንቆ የማያውቅ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናቅ ምን ያህል እንደሚገርመው ያሳያል። በዚህ አገር በአውቶቡስ ጣቢያ፣ በሥራ ቅጥር፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ ያየነውን ያየን ሰዎች በዚህ በሁለተኛው ስለት ላይ በተለይ ቆይተናል።

እንግዲህ ወደ አልበሙ እንምጣ። ዋናው አቤቱታችን ይህ ነው፤ አሁን የዘረዘርነው ሁሉ በአልበሙ ውስጥ የለም። ስም ጥሪው የለም፣ ቆንስላው የለም፣ ፍራፍሬ ሻጩ የለም፤ ዘፈኖቹ ብቻ ናቸው ያሉት። «ታዲያ የዘፈን አልበም ላይ ምን ሌላ ይኑር?» የሚለን ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን እነዚህ ዘፈኖች በድራማው ውስጥ ሲመጡ ብቻቸውን አይመጡም። ሰውየው ሲናገር ሲናገር ቃል ያጥረዋል፤ ቃል ያጠረበት ቦታ ላይ ዘፈኑ ይነሣል። በውጭ የሚያፍረው፣ የሚንተባተበው፣ እጁን የት እንደሚያደርገው የማያውቀው ወጣት በዘፈኑ ውስጥ ድንገት ደፋር፣ አማላይ፣ ኃይለኛ ይሆናል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ወደዚያው ወደ መንተባተቡ ይመለሳል። ሳቁ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። አልበሙ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ትቶታል።

ይህን ለማስረዳት ከቤታችን ምሳሌ እንውሰድ። አዝማሪ ድግስ ላይ ገብቶ የአንዱን እንግዳ ባርኔጣ አይቶ ስንኝ ይቋጥርበታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ያንኑ ስንኝ በካሴት ቀድታችሁ ለሌላ ሰው ብታሰሙት ባርኔጣውን ስላላየ ዝም ብሎ ያያችኋል። ስንኙ አልተበላሸም፤ ባርኔጣው ነው የቀረው። ከአዲስ አበባ በሻንጣ ይመጡልን የነበሩት የቀልድ ካሴቶች ይህን ችግር ያውቁት ነበር፤ ቀልደኛው በካሴቱ ውስጥ መጀመሪያ ባርኔጣውን በቃል ይሥልልናል፣ ከዚያ ነው የሚቀልድበት። የፍላይት ኦፍ ዘ ኮንኮርድስ አልበም ይህን ድካም አልደከመም። ድራማውን አይታችሁታል ብሎ ነው የሚነሣው።

የፍራፍሬ ሻጩ ዘፈን ዋነኛው ማስረጃችን ነው። በድራማው ውስጥ ሁለቱ ወጣቶች ከተናቁ በኋላ እንደ ጎዳና ወሮበላ እየዛቱ ይዘፍናሉ፤ ስድቡ በሬዲዮ እንደሚደረገው እኩሌታው እየተቆረጠ ስለሚወጣ ዛቻው ራሱ ጥርሱ የወለቀ ነው። በስክሪኑ ላይ ስናየው ወድቀን ነበር። በዲስኩ ላይ ግን ቁጣውን ያመጣው ትዕይንት የለም፤ ፋይል የጠፋበት አቤቱታ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማስመሰሉ ነው። ከአልበሙ ዘፈኖች አብዛኞቹ የሌላ ሰው አዘፋፈን እየመሰሉ የሚቀልዱ ናቸው። አንዱ በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ከተማ ዘፋኞች የነበሩትን የፔት ሾፕ ቦይስን ቀዝቃዛ ዜማ ይመስላል፤ ሌላው የዴቪድ ቦዊን ድምፅ በየዘመኑ እየቀያየረ ይቀዳል፤ ሌላው እንደ ጃማይካ ዳንስ አዳራሽ ይጮኻል፤ ሌላው ሲታር ይዞ ወደ 1960ዎቹ ይሄዳል። የቅኔ ትምህርት ያላቸው አባቶቻችን ሰምና ወርቅ ይላሉ። እዚህ ሰሙ የምንሰማው ዘፈን ነው፤ ወርቁ ደግሞ ሌላ፣ የማንሰማው ዘፈን ነው። ያንን ሌላውን ዘፈን የማያውቅ ሰው በእጁ የሚቀረው ሰሙ ብቻ ነው። ስለዚህ የእናትየው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነበር። ልጁ የሳቀው በወርቁ ነው፤ ለእናቱ ሊተረጉምላቸው የሞከረው ሰሙን ነው።

እኛም ዲስኩን ደጋግመን የሰማነው ይህን መለያ ይዘን ነው፤ ወርቁን ለማያውቅ ሰው ሰሙ ብቻውን ይበቃዋል ወይ? አንዳንዱ በፍጹም አይበቃውም። የቦዊ ዘፈን ዴቪድ ቦዊን ለማያውቅ ሰው ድምፁን እያቀጠነ ስለ ጠፈር የሚያወራ እንግዳ ሰው ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በድራማው ውስጥ ግን ቦዊ ራሱ በየዘመኑ ልብስ ለብሶ በብሬት ሕልም እየመጣ ምክር ይሰጠዋል፤ ምክሩም አይረባም፤ ማንንም ያስቃል። የሲታሩን፣ የጃማይካውንና ለዓለም ሴቶች የተዘፈነውን ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጠን እናልፋቸዋለን፤ ለዳንስ ይሆናሉ፣ ለጆሮ ትንሽ ነው የሚተዉት።

አሁን ግን ወደ ጥሩዎቹ። «ኢነር ሲቲ ፕሬሸር» የሚለው፣ የከተማ ጭንቀት እንበለው፣ ፔት ሾፕ ቦይስን ባናውቅም የሚገባን ዘፈን ነው። ሰውየው ገንዘብ የለውም። ሱቅ ገብቶ በባንኮኒው ላይ ሳንቲም እየቆጠረ ግማሽ ሰዓት ይቆማል፤ ባለ ሱቁ ይሰድበዋል። ያገለገለ የውስጥ ልብስ ስለ መግዛት ማሰብ ይጀምራል። ሙዚቃው ግን ጥቁር መነጽር እንዳደረገ ሰው ኮስተር ያለ፣ የተንቀባረረ ነው። ድህነት በሀብታም ዜማ ሲዘፈን ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሱፐርማርኬት ሒሳብ ከፋይ ፊት የሼቄል ሳንቲሞችን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ «አንቺው ውሰጂ» ያለ ሰው ይህን ዘፈን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ለእኛ ከአልበሙ ሁሉ ሁለተኛው ምርጥ ይህ ነው።

«ዘ ሞስት ቢውቲፉል ገርል» የሚለው ደግሞ የፍቅር ዘፈን ነው፤ ልጅቱ በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሴቶች ሁሉ ቆንጆዋ ናት ይላል። በክፍሉ ውስጥ ካሉት! ከዚያ አልፎ ወደ ውጭ ሲወጣ ይጠነቀቃል፤ መንገዱ ላይ ከሆነ ደግሞ እንደ መንገዱ ሁኔታ ነው። ውዳሴው በሙሉ በሜትር የተለካ ነው። በእኛ የሠርግ ዘፈን ሙሽራይቱ በፀሐይና በጨረቃ ትመሰላለች፤ «ከዚህ ሰፈር ሦስተኛ ናት» ብሎ የሚያወድስ ዘፋኝ ቢመጣ ጠጅ ሳይቀምስ ይባረር ነበር። እንግዲህ ይህን ዘፈን ለመረዳት የእንግሊዝኛ ዘፈን ማወቅ አያስፈልግም፤ ውዳሴ ምን መምሰል እንዳለበት ማወቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ እርሱን ደግሞ እኛ ከማንም አናንስም። ለአንዲት አያት ጭብጡን በአማርኛ ስንነግራቸው «ሐቀኛ ልጅ ነው፣ ይዳሩለት» ነው ያሉን።

የጉማሬውና የአውራሪሱ ፉክክርም አለ። ሁለቱ ራፕ ዘፋኝ ሆነው አንዱ ራሱን በጉማሬ፣ ሌላው በአውራሪስ ይሰይማል፤ በእንግሊዝኛው የእንስሳቱ ስም ከ«ሂፕ ሆፕ» እና ቤት መምታት ከሚለው ቃል ጋር ተገጣጥሞ ተሰፍቷል። ይህ ስፌት በአማርኛ አይሰፋም፤ ሞክረን ተውነው። ነገር ግን በመካከሉ አንዱ ግጥሜ ማለቂያ የለውም ብሎ ይፎክርና ወዲያው ቃል አጥቶ ዝም ይላል። ዝምታው ራሱ ቀልድ ነው፤ ዝምታ ደግሞ ትርጉም አይፈልግም። ፎክሮ ዘራፍ ብሎ ቀጣዩ ስንኝ የጠፋበትን ሰው በየድግሱ አይተናል።

ስለ ባልና ሚስት የሚናገረው «ቢዝነስ ታይም» በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ በዝርዝር የምንጽፈው አይደለም፤ ልጆችም ያነቡናል። በሳምንቱ አጋማሽ ሌሊት፣ ቆሻሻው ተለይቶ ከወጣና ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ ስለሚሆን ነገር ነው ብለን እንለፈው። ያገቡ ሰዎች በዚህ ዘፈን ካላገቡት ይልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደሚስቁ ግን ታዝበናል።

ከሁሉ የምናስበልጠው የመጀመሪያውን ዘፈን ነው፤ «ፉ ዱ ፋፋ»። በፈረንሳይ የ1960ዎቹ ዜማ የተሠራ፣ ቀላል፣ ፀሐያማ ዘፈን ነው። ወጣቶቹ ሴቶችን ለማማለል በፈረንሳይኛ ይዘፍናሉ፤ የሚያውቁት ፈረንሳይኛ ግን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች የተቃረመ ነው። የቦታ ስም፣ የምግብ ስም፣ የሰላምታ ቃል፣ እንዳመጣለት ይደረደራል፤ ርእሱም ራሱ ትርጉም የለሽ ነው። በመጨረሻ ሴትየዋ በእውነተኛ ፈረንሳይኛ ስትመልስና ቋንቋውን ትችሉ እንደሆነ ስትጠይቅ ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

በኡልፓን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ዘፈን ሰምቶ ዝም ሊል አይችልም። እኛም እኮ በመጀመሪያው ወር የምናውቀው ሹልሓን፣ ኪሴ፣ ዴሌት፣ ሐሎን ነበር። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ በር፣ መስኮት። በእነዚህ አራት ቃላት ከክሊኒክ ጸሐፊ ጋር ተነጋግረናል፣ ቤት ተከራይተናል፣ የልጅ አስተማሪ ፊት ቀርበናል። ከእኛ መካከል አንዱ በአውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ የተቀመጡትን ሴት በትሕትና ሊያነጋግር ፈልጎ «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነው» እንዳላቸው እስከ ዛሬ ይነገርበታል። ሴትየዋ በፍጥነት ዕብራይስጥ ሲመልሱለት እርሱ እንደ ጀሜይን ቀልጦ ቀረ። ልዩነቱ እርሱ በቋንቋው ማንንም ሊያማልል አለመፈለጉ ነው፤ መውረጃው አልፎት ነበር። ዘፈኑ ግን ያችን ቅጽበት አግኝቷታል፤ በቃላት የተሞላ አፍ ይዞ ምንም መናገር ያለመቻልን። ወርቁ የፈረንሳይ ዘፈን ቢሆንም ሰሙ ብቻውን ሙሉ ነው። እዚህ ላይ የእናትየው ጥያቄ መልስ ያገኘ መሰለን።

ስለ አሠራሩም አንድ ነገር እንበል። እነዚህ ሰዎች መድረክ ላይ ሲጫወቱ በሁለት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሁለት ጊታርና በጥቂት ትናንሽ መሣሪያዎች ነው። አልበሙን ያቀናበረው ሚኪ ፔትራሊያ ግን ለእያንዳንዱ ዘፈን ሙሉ ልብስ አልብሶታል። ማስመሰል የሚጠይቅበት ቦታ ይህ ትክክል ነው፤ የከተማው ጭንቀት ያለዚያ ቀዝቃዛ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ድምፅ ምንም አይሆንም ነበር። «ሮቦትስ» በሚለው ላይ ግን ተጎድተናል። ሮቦቶች ሰውን ሁሉ ጨርሰው ስለሚገዙት ዓለም ነው የሚዘፍነው፤ ሌላ ዘፋኝ ጊታር ብቻውን የሚያስጮኽበት ቦታ ላይ እነርሱ ዜሮና አንድ፣ ዜሮና አንድ እያሉ ይቆጥራሉ። በድራማው ውስጥ ለዚህ ዘፈን የለበሱት የሮቦት ልብስ በእጅ የተሠራ ነው፤ ቪዲዮውንም የሚቀርጸው ያው የቆንስላው ሰው ነው። ዕቃው ማጠሩ ነበር ቀልዱ። በዲስኩ ላይ ድምፁ እውነተኛ ሮቦት መሰለ፤ እውነተኛ ሮቦት ደግሞ አያስቅም። እኛ ብንሆን ይህን አንዱን በሁለት ጊታር እንተወው ነበር።

በ2009 ከሁለተኛው ዙር ዘፈኖች ሌላ አልበም አውጥተዋል። ከመጀመሪያው ያንሳል ባዮች ነን፤ ምክንያቱም ስውር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ለዓመታት በመድረክ ላይ እየተሞረዱ፣ የማያስቀው ስንኝ እየወደቀ፣ የሚያስቀው እየቀረ የመጡ ነበሩ፤ የሁለተኛው ዙር ግን ለቴሌቪዥኑ ቀን ተብለው የተጻፉ ናቸው። ሰዎቹ ራሳቸው ይህን ሳያውቁት አልቀሩም መሰለን፣ ሦስተኛ ዙር አንሠራም ብለው በዚያው ዓመት አቆሙ። ማኬንዚ በኋላ ለፊልም በጻፈው ዘፈን በ2012 ኦስካር ወስዷል፤ ስለዚህ ያጡት ችሎታ አልነበረም።

በእኛ አገር ስለ አዲስ ገቢዎች መቀለድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በእስራኤል ቴሌቪዥን በቀረበው «ሉል» ውስጥ ኡሪ ዞሃርና አሪክ አይንሽታይን ሁለቱ ብቻቸውን የዓሊያ ማዕበሎችን በተራ ይጫወታሉ፤ ትናንት የገባው በባሕሩ ዳር ቆሞ ዛሬ የሚገባውን ይረግማል። እስከ ዛሬ የሚታይ፣ የሚያስቅም ሥራ ነው። እኛ በውስጡ የለንም፤ ገና አልመጣንምና። በ2017 ደግሞ ዮሲ ዋሳ ከሻይ ቤን አታር ጋር «ነብሱ»ን ይዞ መጣ፤ የእኛ ልጅ አሽከናዚት አግብቶ በሁለት ቤተሰብ መካከል ሲላጋ የሚያሳይ ድራማ ነው፤ በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት በአስቂኝ ድራማ ዘርፍ አግኝቷል። በ«ሉል» ላይ ሌሎች ሌሎቹን ሆነው ይቀልዳሉ፤ በ«ነብሱ» ላይ ግን ቀልዱን የጻፈው ተቀላጁ ራሱ ነው። ኒውዚላንዳውያኑም እንዲሁ ናቸው፤ በአልበማቸው ውስጥ ፍራፍሬ ሻጩን ቢዝቱበትም ከሁሉ በላይ የሚያላግጡት በራሳቸው ላይ ነው። ለዚህም ነው ዲስኩ ጉድለቱ ሁሉ እያለበት ጆሮ የማያስመርረው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወጣቶቹ ከድራማው ሁለት ክፍሎችን አምጥተው በአዳራሹ አሳዩን። አንዱ አጠገባችን ተቀምጦ በአማርኛ ትዕይንቱን ብቻ፣ ዘፈኑን ሳይነካ፣ አስቀድሞ ይነግረን ነበር። ያች እናትም መጥተው ነበር። የፈረንሳይኛው ዘፈን ሲመጣ ገና ሳይጨርሱ ከት ብለው ሳቁና «ይሄማ እኔ ነኝ፤ ሱፐርማርኬት ገብቼ ‹ዴሌት› ያልኩ ቀን!» አሉ። ለካ ወተት ማለታቸው ነበር። የስም ጥሪው ቦታ ላይ ሲደርስ ደግሞ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ፤ በሰፈራቸው የነበረውን አንድ ሊቀመንበር አስታውሷቸው ኖሯል።

ሲወጡ ልጃቸውን «ያን ስም የሚጠራውን ሰውዬ በካሴት አድርግልኝ» አሉት። እርሱም ዲስኩን ከፍቶ መሪ በራሱ ድምፅ የሚዘፍንበትን አንድ ዘፈን አሰማቸው፤ ስለ አንዲት ረዥም እግር የሥራ ባልደረባው የሚናገር ነው፤ ደህና ዘፈን ነው፣ በአልበሙ ውስጥ የቆንስላው ሽታ ያለበት ብቸኛው። ጥቂት አዳመጡና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ ይዘፍናል» አሉ። «እኔ ያልኩህ ስም የሚጠራውን ነው።»